ባዶ ቤት የሚያሞቁት ሽማግሌ

ታምሩ የደወለልኝ ቅዳሜ ጠዋት፣ ሆሳዕና ገበያ ውስጥ ቆሜ ሽንኩርት ሳስመዝን ነው። ታምሩ ሞርሲቶ አካባቢ ባለች አምቦሬ በምትባል መንደር የተመደበ የግብርና ባለሙያ ነው። ወሬ የሚጀምረው ከመሃል ስለሆነ ስልኩን ሳነሳ ሁልጊዜ ግማሹ ያመለጠኝ ይመስለኛል። የዚያን ቀን ግን "ሄሎ" ብሎ ዝም አለ።

"ምነው ታምሩ?" አልኩት።

"ጋሽ ሄራሞ አረፉ።"

ሻጯ ሽንኩርቱን ስትሰጠኝ ሳልቀበላት ቀረሁ። "መቼ?" አልኩት።

"ያገኘኋቸው ዛሬ ጠዋት ነው። ከታች በኩል ካሉት ባዶ ቤቶች በአንዱ፣ ምሰሶውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሰውነታቸው ቀዝቅዟል፤ ካረፉ ሰዓታት አልፏቸዋል። እሳቱ ግን ገና አሁን እንጨት የተጨመረበት ይመስል ነበር።"

ሰው ሲሞት አዝኜ አውቃለሁ፣ ደንግጬም አውቃለሁ። የዚያን ቀን ጠዋት ግን ፈራሁ። ጋሽ ሄራሞ ትተውት የሄዱት ሥራ ከእንግዲህ የማን እንደሚሆን አላውቅም ነበር።

ያወቅኋቸው ከአራት ዓመት በፊት ነው። ሥራዬ የቤት ንድፍ ነው። አባቴ ከጎጃም መጥተው ሆሳዕና አስተማሪ ሆነው የቀሩ ሰው ስለነበሩ እዚሁ ተወልጄ አድጌያለሁ፤ ሀዲይኛ እሰማለሁ፣ ስናገረው ግን ሰው ያስቃል። ወጣቶቻቸው ወደ ደቡብ አፍሪካ እየሄዱ ባዶ የቀሩትን የገጠር መንደሮች መልሶ ለማቋቋም ሐሳብ ሲነሳ፣ መሥሪያ ቤታችን መጀመሪያ እንድጎበኝ የላከኝ አምቦሬን ነው። "ሰው የለበትም ማለት ይቻላል" ተብዬ ነበር።

ከታምሩ ጋር ኮረብታውን የወጣነው አሥር ሰዓት ገደማ ነው። ከላይ ሆኜ ቁልቁል ሳይ ግራ ገባኝ። ሣር ክዳን ቤቶቹ በእንሰት ተከበው ተደርድረዋል፤ ከየክዳኑ ላይ ቀጭን ጭስ ይወጣል።

"ሰው የለበትም አላላችሁኝም?" አልኩት።

"የለበትም" አለ ታምሩ። "ግቢና እዪ።"

የመጀመሪያው ቤት በር ገርበብ ብሏል። ተጣራሁ፤ መልስ የለም። ገባሁ። ወለሉ ተጠርጓል፣ እሳት ይነዳል፣ በወዲያኛው በኩል የታሰረች ላም እያመነዠከች ታየኛለች። ሰው የለም። ሁለተኛው ቤትም እንዲሁ፤ እሳት፣ የተጠረገ ወለል፣ ባዶ መደብ። ሦስተኛውም። ውሻ አይጮህም፣ ልጅ አያለቅስም። ነፋስ ሲመጣ የደረቀው የእንሰት ቅጠል ይንኮሻኮሻል፤ ሰው ነጠላውን እየጎተተ ከኋላዬ የሚያልፍ ስለሚመስለኝ ሁለት ጊዜ ዞሬ አየሁ።

አራተኛው ቤት በር ላይ አንድ ረጅም ሽማግሌ ጀርባቸውን ሰጥተውን ቆመዋል። በገል ላይ ፍም ይዘዋል። በተዘጋው በር ፊት ለፊት በሀዲይኛ ሰላምታ ሰጡ፤ ስለ ጤና፣ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ከብቶች ጠየቁ። ከዚያ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጠበቁ። የተቀመጠ ሰው ተነስቶ በር እስኪከፍት የሚወስደውን ያህል ጠበቁ። ራሳቸውን ነቀነቁና በሩን ገፋ አድርገው ገቡ።

ሲወጡ "ማንን ነው ያናገሩት?" አልኳቸው።

"ባለቤቶቹን።"

"የት ናቸው?"

"ደቡብ አፍሪካ" አሉኝ፤ እሱን አለማወቄ የገረማቸው ይመስላል። "ግቢ ልጄ። ተፈቅዶልሻል።"

ጋሽ ሄራሞ በዚያ አገር የታወቁ ቤት ሠሪ ነበሩ። በሚሻ ወረዳ ብቻ ሳይሆን እስከ ሀደሮ ድረስ እየተጠሩ ቤት አቁመዋል። ዓይናቸው ከጭስ ብዛት ሁልጊዜ ቀይ ነው። ምሰሶ ሲያዩ በሦስት ጣታቸው መታ መታ ያደርጉና ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ሲናገሩ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉት ግድግዳው እንዳይሰማ ይመስል ነበር። ማንም ሳይጠይቃቸው፣ ማንም ሳይከፍላቸው፣ የአምቦሬን ባዶ ቤቶች በየቀኑ እየዞሩ እሳት ያነዳሉ።

መጀመሪያ የነገሩኝ ምክንያት የሙያ ነው፤ እውነትም ነው። ሣር ክዳን ጭስ ካላገኘ ነፍሳት ይበሉታል፣ ምስጡ በምሰሶው ይወጣል፣ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ቤቱ ይተኛል። ሦስት ላሞች ነበሯቸው፤ በየማታው ቤት እየቀያየሩ ያሳድሯቸዋል። እበቱ ጠዋት ተጠርጎ በዚያ ቤት ጓሮ ላለው እንሰት ይሰጣል። ለዚህ ነው ባለቤት የሌላቸው ጓሮዎች እንደዚያ አረንጓዴ የሆኑት። ከሰው እንሰት አንድ እግር እንኳ ቆርጠው አልበሉም። እንሰት ጊዜው ሲደርስ ካልተቆረጠ ያብባል፣ ካበበ በኋላ ይሞታል። በአምቦሬ ብዙ ያበበ እንሰት አየሁ። ያ ከባድ አበባ አንገቱን ደፍቶ ከባዶ ቤት ጀርባ ተንጠልጥሎ ሲታይ ደስ አይልም።

ሁለተኛውን ምክንያት ያወቅሁት ቆይቼ ነው።

በሚቀጥለው ሳምንት ንድፌን ይዤ ተመለስኩ። በመንገድ ዳር የተሰለፉ የቆርቆሮ ቤቶች፣ ራቅ ብሎ አንድ የጋራ በረት፣ ከኮረብታው ጥግ የእንሰት ማሳ። ላፕቶፑን መደብ ላይ አስቀምጬ አሳየኋቸው። ብዙ ጊዜ ወስደው ተመለከቱት።

"ከብቱ ያ ነው?"

"አዎ፣ ንጹሕ እንዲሆን ከሰው ተለይቶ ነው። የጤና ባለሙያዎቹም የሚሉት እንደዚያ ነው።"

"እንሰቱስ ያ?"

"አዎ።"

"ነይ" አሉና ተነሱ። በንድፌ ላይ በረቱ ካለበት ቦታ እንሰቱ እስካለበት አብረን ተራመድን። ጭቃ ነበር። ስንደርስ ጫማዬ ከብዶኝ ቆምኩ። "እበቱ በእግሩ አይመጣም" አሉኝ። "በክረምት ይህን ተሸክማ የምትመላለሰው ማን ናት? አንድ ሳምንት ትሸከማለች፣ ሁለት ሳምንት ትሸከማለች፣ ከዚያ ትተዋለች። እንሰቱ ይከሳል። እንሰቱ ሲከሳ ልጇ ሻንጣ ያዘጋጃል።"

ተከራከርኳቸው። አንድ ሙሉ ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ ሁለታችንም ያላሰብነው ነገር ላይ ተስማማን፤ የነበረውን ሣር ክዳን ቤት ሳናፈርስ በመሃል በግድግዳ መክፈል፣ ለከብቶቹ የራሳቸውን በር ማውጣት፣ ወለላቸውን በድንጋይ አንጥፎ ተዳፋት ማድረግ፣ ከዚያ እስከ ጓሮው ቦይ መቅደድ። እበቱም ሽንቱም ሰው ሳይሸከመው ወደ እንሰቱ ይወርዳል። አለቆቼን ለማሳመን ወራት ፈጀብኝ።

ለመጀመሪያው ሥራ የተመረጠው የዮሴፍ ቤት ነው። ዮሴፍ ከሦስት ዓመት በፊት ወደ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ በሞያሌ ወጥቶ ለመጨረሻ ጊዜ የደወለው ከታንዛኒያ ነው። ሚስቱ ወርቅነሽ ሁለት ልጆቿን ይዛ ሆሳዕና አንዲት ክፍል ተከራይታ ቆጮ ትሸጣለች። ሚስትም አይደለች፣ ባሏ የሞተባትም አይደለች። ማልቀስ አልተፈቀደላትም፤ ማግባትም፣ መርሳትም። ቤቱን እናድስልሽና ተመለሺ አልኳት።

"ያ ቤት ባዶ አይደለም ይላሉ" አለችኝ። "ሽማግሌው ያናግረዋል አሉ።"

ወሬው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ጆሮም ደርሶ ነበር። ጋሽ ሄራሞን ጠርተው መክረዋቸዋል። "ሰላምታ ነው የሰጠሁት" ብለዋቸዋል እሳቸው። "የሰው ቤት ሰላም ሳልል ልግባ?"

ሥራውን ልንጀምር በነበረበት ማክሰኞ እኔ፣ ታምሩና ጋሽ ሄራሞ በዮሴፍ ቤት በር ላይ ቆመናል። ከቀትር በኋላ ነው፤ ፀሐይ አለ። ጋሽ ሄራሞ እንደ ልማዳቸው ሰላምታቸውን ሰጡ። ጠበቁ። እኔም ጠበቅሁ። እንደገና ሰላምታ ሰጡ። ይበልጥ ጠበቁ። ገሉ ላይ ያለው ፍም አመድ እየለበሰ ሲሄድ ታየኝ። ወደ በሩ ተጠግተው መዳፋቸውን አሳረፉበት፣ ወዲያው መለስ አደረጉት።

"ዛሬ አልመለሰልኝም" አሉ። ፍሙን መሬት ላይ ደፉትና በእግራቸው አጠፉት።

"ምን ማለት ነው?" አልኳቸው።

"ሥራው ይቆይ። ለወርቅነሽ ምንም እንዳትነግሪያት።"

በአምስተኛው ቀን አንድ ከዱራሜ በኩል የመጣ ሰው ሆሳዕና ገበያ ውስጥ እየጠየቀ ወርቅነሽን አገኛት። ከባሏ ጋር በአንድ መንገድ የተጓዘ፣ ታንዛኒያ ታስሮ የተፈታና ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ነው። ዮሴፍ በጫካ ውስጥ በወባ እንደሞተና በገዛ እጁ እንደቀበረው ነገራት። ቀለበቱን አምጥቶላታል። የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት፣ ከታንዛኒያ በደወለ በሳምንቱ ነው።

ለቅሶው ላይ ያን ሰው ጥግ ይዤ መቼ አገሩ እንደገባ ጠየቅሁት። "ባለፈው ማክሰኞ" አለኝ። "ከቀትር በኋላ ነው ቦሌ የወረድኩት።"

አምቦሬ ሄጄ ለጋሽ ሄራሞ ነገርኳቸው። ምሰሶ እየጠረቡ ነበር፤ መጥረቢያውን አላስቀመጡም።

"ዮሴፍ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነው" አልኳቸው። "ታዲያ ሦስት ዓመት ሙሉ የመለሰልዎ ማን ነው?"

"ዮሴፍ።"

"ሞቶ እያለ?"

"ወሬውን የሚያደርስለት ሰው አላገኘማ" አሉ። "ሰውየው አገር ሲገባ ዮሴፍ ለቀቀ። ምን ይጠብቃል?"

ወርቅነሽ ግን እንደኔ በቀላሉ አልተወቻቸውም። ከለቅሶው በኋላ ቤቱን ልታይ መጥታ በሩ ላይ ቆማ ጠየቀቻቸው፤ በሀዲይኛ ነው፣ እኔም ሰማሁት። "ሲመልስልህ ምን ይልህ ነበር? ስለ እኔ ጠይቆህ ያውቃል?"

እንዲዋሹላት በልቤ ለመንኳቸው። አልዋሹም።

"ቃል ሰምቼ አላውቅም" አሏት። "በሩ ስገፋው ይለሰልስልኛል። ሰው ያለበት ቤት በር ይለሰልሳል። ያን ቀን ደነደነ፤ በቃ። ስለ አንቺ ጠይቆኝ ቢሆን እነግርሽ ነበር።"

ወርቅነሽ ራሷ በሩን ገፋችው። ተከፈተላት። ገብታ መሃል ወለል ላይ ተቀመጠችና ሦስት ዓመት ያጠራቀመችውን አለቀሰች። ስትጨርስ "ግድግዳው የት ጋ ነው የሚሆነው?" አለችኝ።

ሠራነው። ዮሴፍ ለሠርጉ የተከለው እንሰት ሊያብብ ጥቂት ሲቀረው ደርሳ ቆረጠችው፤ ፍቃ ቆጮ እንዲሆን ጉድጓድ ውስጥ ቀበረችው። ቦዩ በመጀመሪያው ክረምት ሁለት ጊዜ ተደፈነብን፤ ጋሽ ሄራሞ ድንጋዮቹን አንስተው ተዳፋቱን አስተካከሉት። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት ቤተሰቦች ከሆሳዕና ተመለሱ፣ ከዚያም ሌሎች። አንድ ወጣት ሻንጣውን ለታናሽ እህቱ የትምህርት ቤት ቦርሳ አድርጎ ሰጣት። ያልተመለሱም አሉ። ቤታቸውን በርቀት ሆነው በብሎኬት ያስገነቡ፣ በረንዳው ላይ ነጭ ወንበር ደርድረው የቆለፉ፣ እስከ ዛሬ ያልመጡ አሉ።

ሰው በተመለሰበት ቤት ጋሽ ሄራሞ እሳት ማንደዳቸውን ያቆማሉ። "ሥራ እየቀነሰብኝ ነው" ይሉኝ ነበር፤ ደስ ያላቸው ይሁን የከፋቸው አይለይም።

አንድ ቀን "የእርስዎ ቤት የትኛው ነው?" አልኳቸው። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ አለመጠየቄ አሳፍሮኛል። ከላሞቻቸው ጋር ቤት እየቀያየሩ ሲያድሩ ነው የማውቃቸው።

ወደ መንደሩ ጫፍ ወሰዱኝ። እንሰቱ ክብ ሠርቶ ቆሟል፤ መሃሉ ላይ ቤት የለም። ሣር የበቀለበት ክብ መሬት፣ ዙሪያውን የግድግዳው ሥር የነበረበት ዝቅ ያለ ቦይ ብቻ። ያን ሁሉ ቤት ሲያቆሙ የኖሩ ሰው የገዛ ቤታቸውን እንዲወድቅ ትተውታል።

"ሁለት ልጆች ነበሩኝ፤ ታደለና ጴጥሮስ" አሉኝ። "እናታቸው ቀድማ አርፋለች። አብረው ሄዱ። መኪና ውስጥ ታፍነው የሞቱ ልጆች አሉ የሚል ወሬ መጣ፤ ታደለ አንዱ ነው አሉ። ጴጥሮስን ያየው የለም። አብሮት ነበር አሉ። እዚህ በር ላይ ቆሜ ሰላም አልኩ። አልመለሱልኝም። በነጋታው መጣሁ፤ አልመለሱልኝም። ከዚያ እሳቱን ተውኩት።"

"ቤቱ ሲወድቅ አላዘኑም?"

"ሲወድቅ ውስጡ ሆኜ ለመስማት ፈልጌ ነበር" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ግን ወዲያ፣ ከሰዎቹ ቤት በአንዱ ሳለሁ ነው የወደቀው።"

ከዚያ ቀን በኋላ ያን ነገር አንስተን አናውቅም። በዓመቱ ታምሩ ደወለልኝ።

ቀብራቸው ላይ ለቅሶ የት ይቀመጥ የሚል ጭቅጭቅ ተነሳ፤ ቤት የላቸውምና። ወርቅነሽ ድንኳኑ በወደቀው ቤታቸው ቦታ ላይ ይተከል አለች። ከሀደሮ ሳይቀር ቤት የሠሩላቸው ሰዎች መጡ። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናብ ሲዘንብ ያ ክብ መሬት ላይ ተቀመጥን፤ ከድንኳኑ ውጭ ሁሉም ጭቃ ሆኖ ከሥራችን ያለው አፈር ግን ደረቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ አፈሩን እየነኩ ይተያዩ ነበር።

ከወር ተኩል በኋላ ታምሩ እንደገና ደወለ። "ቶሎ ነይ" ብቻ አለኝ።

ስደርስ ከክቡ መሬት ዳር አንድ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ቆሟል። ረጅም ነው፤ አቋቋሙን ሳይ ማን እንደሆነ ሳይነግሩኝ አወቅሁ። ወርቅነሽ ከጎኑ አለች። ጴጥሮስ ነው፤ የጋሽ ሄራሞ ታናሽ ልጅ።

ታደለ የሞተበት መኪና ከመነሳቱ በፊት ፖሊስ ጴጥሮስን ይዞት ነበር። ወንድሙ ሄደ፣ እሱ ታሰረ። ዓመታት ታስሮ ከወጣ በኋላ ደቡብ አፍሪካ ገባ። አባቱ ስልክ ስላልነበራቸው ከሚሻ የመጣ ሰው ሲያገኝ ስለ እሳቸው ጠየቀ። ሰውየው በአምቦሬ በኩል አልፎ ስለነበር ያየውን ነገረው።

"ቤታችሁ ወድቋል፣ ሣር በቅሎበታል አለኝ" አለ ጴጥሮስ። "አባቴ ቆሞ ቤቱ አይወድቅም። ሞቷል ማለት ነው አልኩ። እዚያው አለቀስኩና ተውኩት። ባለፈው ወር አንድ ልጅ ስልኩ ላይ የአባቴን ለቅሶ ፎቶ አሳየኝ። ገና መሞቱ ነው።"

ጴጥሮስ እኔን አየኝ፤ አብሬያቸው እንደሠራሁ ነግረውታል።

"ይጠብቀኝ ነበር?" አለኝ።

ጋሽ ሄራሞ ስለ በሩ የነገሩኝ ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ይሄ ልጅ በሕይወት እያለ ነው ቤታቸው ዝም ያላቸው። ሌላውን ሁሉ በትክክል ሰምተው የራሳቸውን ተሳስተዋል፤ ወይም ሌላውንም አልሰሙም። ወይም ከታደለ ሐዘን በላይ ሌላ ድምፅ መስማት አልቻሉም። እስከ ዛሬ የማውቀው ነገር የለም።

መልስ የሰጠችው ወርቅነሽ ናት። "የሁላችንንም ቤት ይጠብቅ ነበር" አለችው።

"የእኛንስ?"

ዝም አልን። ጴጥሮስ የዝምታችንን ትርጉም የተረዳ ይመስለኛል። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ፤ ወርቅነሽ ትከሻውን ይዛ እስኪበቃው ቆመች። ከዚያ ጫማውን አውልቆ ወደ ክቡ ገባ፤ በባዶ እግሩ መሃሉን ፈለገ።

"እዚሁ ነው የምሠራው" አለኝ። "ንድፉን አንቺ አውጪልኝ። የከብቶቹ በር ወደ እንሰቱ ይሁን።"

ታምሩ ካስማና ገመድ አመጣ። ጴጥሮስ ካስማውን መሃል ላይ ተከለ፤ የገመዱን ጫፍ እኔ ያዝኩ። ምን ያህል ይርዘም ብዬ ስጠይቀው "ደስ እንዳለሽ" አለኝ፤ ሳልለካ እጄ ላይ የመጣውን ያህል ያዝኩና በተሳለ እንጨት መሬቱን እየጫርኩ ዞርኩ። ሣሩ ረጅም ስለነበር የት እንደምረግጥ አይታየኝም። ዙሩን ስጨርስ ታምሩ ሣሩን በማጭድ አጸዳልን። የሳልኩት መስመር በአሮጌው የግድግዳ ቦይ ውስጥ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የጣት ስፋት ያህል እንኳ ሳይወጣ ተኝቷል።

ጴጥሮስ አጎንብሶ አየው። ቀና ብሎ አካፋ አነሳና የመጀመሪያውን ጉድጓድ መቆፈር ጀመረ።